በእንዶድ ልብስ ማጠብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦሞ በተወደደ ቁጥር፣ የማጠቢያ ዱቄት እጅ በላጠ ቁጥር፣ እንዶድ ትዝ ይለናል። «ድሮ በምን ይታጠብ ነበር?» ይባልና ወሬው ይጀመራል። አንዱ እንዶድ የማያነጣው ነገር የለም ይላል። ሌላው የኋላ ቀር ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እንዶድ ለአንዳንድ ልብስ ከማንኛውም የሱቅ ሳሙና ይሻላል፣ ለአንዳንዱ ግን ድካም ብቻ ነው። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ውጭ አገር ላላችሁም እንዶድ ባይገኝ ምን እንደሚተካው ታች ታገኛላችሁ።

እንዶድ የቱ ነው? የትስ ይገኛል?

በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል፣ አጥርና ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ትንንሽ ሆኖ በረጅም ዘለላ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ይቀላል። በትግርኛ ሽብጢ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። የሳይንስ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ነው።

ከተማ ውስጥ ያላችሁ፣ ገበያ ሄዳችሁ ቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት የሚሸጡትን ጠይቁ። የደረቀ ፍሬ ግዙ። የተፈጨውን አትግዙ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ግቢ ካላችሁ መትከልም ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የእንዶድ ወንዴና ሴቴ ለየብቻቸው የሚበቅሉ ተክሎች ናቸው። አንድ ችግኝ ብቻ ተክሎ ለዓመታት ፍሬ የሚጠብቅ ሰው ወንዴውን ተክሎ ሊሆን ይችላል።

እውነት ያጸዳል? ወይስ አረፋ ብቻ ነው?

ያጸዳል። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሳፖኒን አንዱ ጎን ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጎን ቅባት። ስለዚህ ቅባቱንና እድፉን ከክሩ ላይ ይዞ ወደ ውሃው ያወጣዋል። ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ልዩነቱ ኃይሉ ላይ ነው። የሱቅ ዱቄት ውስጥ ከአረፋው ሌላ ብዙ ነገር አለ። ውሃውን የሚያለሰልስ፣ ደምና ምግብን የሚበላ ኢንዛይም፣ ደግሞም ልብሱን ነጭ የሚያስመስል ቀለም የሌለው ማብሪያ። ይሄ የመጨረሻው ክሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ የሚመታ ብርሃን ይሰጣል። እንዶድ ይሄ የለውም። በእንዶድ የታጠበ ነጠላ ንጹሕ የጥጥ ንጣት ነው የሚኖረው፣ እንደ ወተት ያለ። «አልነጣም» የሚሉት ብዙዎች ዓይናቸው ያንን ሰማያዊ ንጣት ስለለመደ ነው።

እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

ፍሬው የሚለቀመው ሳይበስል፣ አረንጓዴ እያለ ነው። ቀይ እስኪሆን አትጠብቁ። ያልበሰለው ነው አረፋው ብዙ፣ የበሰለው ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ ቀለሙ ያስቸግራል። ከተለቀመ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እስኪጠቁርና እስኪጨማደድ ድረስ ይደርቃል።

ቀጥሎ መውቀጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ቅመም የምትወቅጡበትን ሙቀጫ አትንኩት። ለእንዶድ የራሱ ሙቀጫ ይኑረው፣ ወይም ድንጋይ ላይ አድቅቁት። ሁለተኛ፣ አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ። የእንዶድ ብናኝ ከበርበሬ አይተናነስም። ያስነጥሳል፣ ዓይን ይለበልባል፣ ጎሮሮ ይከረክራል። ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ለጀርባችሁ ሰጥታችሁ ውቀጡ።

የደቀቀውን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ አላቁጡትና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ በእጅ ስትመቱት ግራጫ ነጭ፣ ወፍራም አረፋ ይነሣል። በንጹሕ ብጣሽ ጨርቅ አጥልሉት። ማጥለሉን እንደ ትርፍ ሥራ አትቁጠሩት። ካልጠለለ የፍሬው ቅርፊት ክሩ ውስጥ ይሰገሰግና ከደረቀ በኋላ ስታራግፉት ትውላላችሁ። ለአንድ ጋቢ አንድ ጭብጥ ደቃቅ ይበቃል። አረፋው ከጠፋ ጨምሩ፣ አረፋው እያለ ግን መጨመር ማባከን ነው።

ጋቢና ነጠላ በእንዶድ የሚታጠበው ለምንድን ነው?

የእጅ ፈትል ጥጥ ልስልስ ነው። ክሩ እንደ ፋብሪካ ክር ጥብቅ ብሎ አልተገመደም። ኃይለኛ የማጠቢያ ዱቄት ሲደጋገምበት ይሻክራል፣ ይሳሳል፣ ካልተለቀለቀም ይወይባል። እንዶድ ለስላሳ ስለሆነ ክሩን አይበላውም። ሸማ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ጥሩውን ጋቢ ከኦሞ የሚደብቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጋቢውን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ብቻ ዘፍዝፉት፣ አቧራው ይውጣ። ያንን ውሃ ድፉት። ከዚያ የጠለለውን እንዶድ ሳፋ ውስጥ ከውሃ ጋር ቀላቅሉና ጋቢውን አስገቡት። በእጅ ከማሸት በእግር መርገጥ ይሻላል። እጅ አንድ ቦታ ላይ ሲበረታ ክሩን ያንሸዋርረዋል፣ እግር ግን እኩል ይጫናል። ጠርዙን፣ ጥለቱንና አንገት የሚነካውን ቦታ ብቻ ለብቻው በእጅ ቀስ ብላችሁ እሹት።

ማለቅለቁ ላይ አትቸኩሉ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ውጪው ጠርቶ ሳለ መሀሉ አረፋ እንደያዘ ይቀራል። አንዱን ጥግ አንሥታችሁ ጭመቁት። የሚወርደው ውሃ ነጭ ከሆነ ገና ነው። በመጨረሻ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዝዘው። ብቻችሁን ከሆናችሁ አትታገሉት፣ አጥር ላይ ጣሉትና ውሃው በራሱ ይንጠፍጠፍ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት ሰሞን ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ሊያጥብ ይነሣል። ምክሬ፣ ከሁለት ሦስት ቀን ቀደም በሉ። ወፍራም ጋቢ በጥር ፀሐይም ቢሆን መሀሉ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሸታል።

ጥለቱና ጥበቡ ቀለሙን አይለቅም?

ቀለሙን የሚያስለቅቀው ከእንዶዱ ይልቅ ሙቅ ውሃና ረጅም መዘፍዘፍ ነው። አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥበቡ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ጨርቁ ቀለም ካነሣ፣ ቀሚሱን በቀዝቃዛ ውሃ ፈጥናችሁ አጥባችሁ፣ ሳታጥፉ ዘርግታችሁ አስጡት። ጥበቡ ነጩ ላይ ተደርቦ መቆየት የለበትም። ጥላ ውስጥ ማስጣትም ቀለሙን ያቆየዋል።

የወጥና የቅቤ እድፍስ?

እዚህ ላይ እንዶድ ብቻውን አይችልም።

ቅቤ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያንቀሳቅሰውም። ቶሎ ብላችሁ ደረቅ ዱቄት ነስንሱበት፣ ቅባቱን ይምጠጥ፣ ከዚያ አራግፉ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ ወፈር ያለ የእንዶድ አረፋ ቦታው ላይ አድርጋችሁ እሹት። ፀጉር ላይ ቅቤ ተቀብቶ የተከናነበ ነጠላ ላይ ይሄ ሁለቴም ሦስቴም ሊያስፈልግ ይችላል።

የአልጫ ጠብታ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ቢጫውን ቦታ በሳሙና ስትነኩት ድንገት ወደ ቀይ ይቀየራል። ብዙ ሰው ልብሱን ያበላሸ መስሎት ይደነግጣል። ነገሩ ቀላል ነው፤ እርድ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ሲነካው ይቀላል፣ ሳሙና ደግሞ አልካላይ ነው። በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። የእርድን ቢጫ የሚያጠፋው ብርሃን ነው። እርጥቡን ልብስ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እየደበዘዘ ይሄዳል።

የበርበሬ ቀለም በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ መጀመሪያ ቅባቱን ነው ማስለቀቅ። ደም ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ። የሞተር ዘይት የነካውን ልብስ ለእንዶድ አትስጡት፣ ላርጎ ይሻለዋል።

ሱፍ ማጠብ ይቻላል?

እንዶድ በጣም የሚያምርበት እዚህ ነው። ሱፍና ሐር አልካላይ አይወዱም፤ ተራ የልብስ ሳሙና ያደርቃቸዋል። ሳፖኒን ግን ገር ነው። የመንዝ ባና፣ በርኖስ፣ ሹራብ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይረገጥና ሳይታሽ፣ ጫን ጫን እየተደረገ ይታጠባል። ሱፍን መርገጥና በሙቅ ውሃ ማሸት ክሩን ያቆላልፈዋል፣ ባናው ተኮማትሮ የልጅ ባና ይሆናል።

ጀርም ይገድላል? የሕፃን ልብስስ?

እድፍ ሲወጣ ብዙ ጀርም አብሮት ይወጣል። ከዚያ ያለፈ ነገር ከእንዶድ አትጠብቁ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ አንሶላውንና ፎጣውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ጨርቁ ከቻለ ተኩሱት።

የሕፃን ልብስ በእንዶድ ባይታጠብ እመርጣለሁ። ሕፃን ያገኘውን ጨርቅ ሁሉ ይጠባል። እንዶድ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ተፈጥሯዊ ከሆነ ምን ጉዳት ይኖረዋል?

ይሄ ጥያቄ ነው የሚያስፈራኝ። እንዶድ መርዝ አለው። ፍሬውም ቅጠሉም ሥሩም አይበላም፣ አይጠጣም። በገጠር ለኮሶ ትል፣ ለጽንስ ማስወረድ፣ የእብድ ውሻ ለነከሰው ሰው ሲሰጥ ኖሯል። ሦስቱም አደገኛ ናቸው። በተለይ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። በእንዶድ የሚባክን ሰዓት የለውም።

ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ አጥቡ፣ ማቃጠሉ ካልተወ ሐኪም ጋ ሂዱ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ካልሲ አጥባችሁ ልበሱና እዩት።

ወንዝ ላይ ማጠብስ? እንዶድ ለአካባቢ ጥሩ ነው ይባላል።

ከእንዶድ ታሪክ ሁሉ የሚደንቀው ይሄ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር። የቢልሃርዚያ ትል የሚያድገው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ዶክተሩ ሰዎች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። እንግዲህ ልብስ የሚያነጣው አረፋ ቀንድ አውጣውንም ይገድለው ኖሯል።

ምርምሩ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ከእንዶድ የተገኘው አንዱ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሃ ቱቦ የሚደፍኑትን፣ ዜብራ መስል የሚባሉትን ባለ ሁለት ቅርፊት የውሃ እንስሳት በእንዶድ መግደል ይቻላል ብለው የፈጠራ መብት ያዙበት። አድዋ ላይ የልብስ ማጠቢያ የነበረው ፍሬ የማን ነው የሚለው ክርክር በዚያ ምክንያት ተነሣ። የእኔ ሐሳብ ከተጠየቀ፣ መልሱ ግልጽ ነው።

ወደ ማጠቡ ስንመለስ፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል። እንዶድ በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል፣ እንደ አንዳንድ ኬሚካል ለዓመታት አይቆይም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን ዓሣና እንቁራሪት ይጎዳል። ስለዚህ ውሃውን ቀድታችሁ፣ ከወንዙ ራቅ ብላችሁ ሳፋ ላይ እጠቡ። እጣቢውን አፈር ላይ ድፉት፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ አጠገብ ግን አይሆንም።

ከበረኪና፣ ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ልቀላቅለው?

ሎሚና አቼቶ በመጨረሻው መለቅለቂያ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ ይቻላል። የቀረ የሳሙና ቅሪት ካለ ያስለቅቃሉ። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ መጨመር ግን ለዓይን ነው። ይንፈቀፈቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ተጣፍተው ጨዋማ ውሃ ይቀራል።

በረኪና ያለበት ሳፋ ውስጥ ሎሚም አቼቶም ፈጽሞ አይገባም። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይባስ።

ውሃችን ሳሙና አይቀበልም። እንዶድ ያዋጣል?

ድሬዳዋና መሰል ቦታ ላላችሁ፣ አዎ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። ተራ ሳሙና ከካልሲየሙ ጋር ሲገናኝ አይሟሟም፣ እንደ እርጎ ይቋጠርና ልብሱ ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሳፖኒን እንዲህ አይቋጠርም።

በማሽን ይሆናል?

ዱቄቱን ቀጥታ ማሽን ውስጥ አትጨምሩ፣ ማጣሪያውን ይደፍናል። በጥሩ ጨርቅ ሁለቴ የጠለለ ውሃ በትንሹ ይቻላል። አረፋው ከበዛ ግን ልብሱ አረፋው ላይ ይንሳፈፍና በደንብ አይታጠብም። እኔ ለማሽን ሌላ ነገር፣ እንዶድን ለሳፋ እላለሁ።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። እንዶድን ምን ይተካዋል?

ቀላሉ ሪታ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሶፕነት የሚሉት። ከሕንድና ከኔፓል የሚመጣ ፍሬ ነው፣ በውስጡ ያው ሳፖኒን አለ። ዱባይም ሆናችሁ ሪያድ፣ የሕንድ ሱቅ ገብታችሁ ሪታ በሉ። አምስት ስድስት ቅርፊት በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥራችሁ ከልብሱ ጋር ማሽኑ ውስጥ ትጥላላችሁ። ሪታ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል። በቀዝቃዛ የምታጥቡ ከሆነ ቀድማችሁ ቀቅሉና ውሃውን ተጠቀሙ።

አውሮፓ ያላችሁ በመስከረምና በጥቅምት መናፈሻው ውስጥ የሚረግፈውን ሆርስ ቼስትነት ልቀሙ። ተጠብሶ ከሚበላው ቼስትነት ጋር እንዳታምታቱት፣ ይሄኛው አይበላም። ቡናማ ልጣጩን አንሥታችሁ ከትፉት፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ወተት የመሰለ አረፋ ይሰጣል።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁን ግን ላስጠንቅቅ። መንገድ ዳር ዘለላው እንዶድ የሚመስል፣ ግንዱ ቀላ ያለ ተክል ታያላችሁ። «አገሬ መጣልኝ» ብላችሁ እንዳትለቅሙት። ፖክዊድ ይባላል፣ የእንዶድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ እሱም መርዛም ነው። የበሰለው ፍሬ ጭማቂው ደማቅ ሐምራዊ ነው። ነጭ ነጠላ ላይ ካረፈ ነጠላው ሌላ ልብስ ሆነ ማለት ነው።

ከአገር ቤት እንዶድ ይዞ መግባት ለሚያስብ፣ የተክል ውጤት አሜሪካ ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ሻንጣ ውስጥ ደብቃችሁ አትሞክሩት።

አመድስ? ሌላ ተክልስ?

የእንጨት አመድ ውሃ ቅባት ይፈታል፣ ለወፍራም የጥጥ ልብስ ይሆናል። ለሱፍና ለሐር አይሆንም፣ እጅም ያቃጥላል። ቆላ አገር ደግሞ በደኖ አለ፤ ፍሬውና ልጣጩ አረፋ ይሰጣል።

ጥሩ ሽታ የለውም። ምን ላድርግ?

የእንዶድ ሽታ ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። ካልጠፋ በደንብ አልተለቀለቀም። ለጥሩ ጠረን አሪቲ ወይም ጠጅ ሳር አድርቃችሁ በጨርቅ ቋጥራችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ።

ስንት ጊዜ ይቀመጣል?

የደረቀው ፍሬ ሳይወቀጥ፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ለአንድ እጥበት የሚበቃውን ብቻ ውቀጡ። የተበጠበጠው ግን በማግሥቱ መሽተት ይጀምራል፣ ይደፋ። ዕቃው ላይ «እንዶድ፣ አይበላም» ብላችሁ ጻፉበት። የቡና ወይም የቅመም ቆርቆሮ ውስጥ አታስቀምጡት። የደረቀ እንዶድ ቁንዶ በርበሬ ሊመስል ይችላል፣ ከኩሽና ጨርሶ ይውጣ።